የማይታጠፍብኝ ሰንጢ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ናትናኤል ከእናቱ ጋር ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤቴ መጣ። ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላና ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «እማማ ብርቄ፣ ከነዚህ ውስጥ የቱን ልግዛ?» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ባይ፣ ሰንጢ ነው። አንዱ መጋዝ አለው፣ አንዱ መቀስና የጠርሙስ መክፈቻ አለው፣ አንዱ ደግሞ ቀስተ ደመና መስሎ ተቀብቷል። ልጁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጀሞ ውስጥ ከኮንዶሚኒየም ኮንዶሚኒየም እየዞረ ሽቦ ሲልጥና ገመድ ሲቆርጥ ነው የሚውለው። ከኪሱ የማይለየው ጠንካራ ሰንጢ ያስፈልገዋል።

እናቱ ከማድ ቤት ሰምታ ብቅ አለች። «ኧረ በስመ አብ! እሳቸውን ነው ሰንጢ የምታማክረው?» ብላ ሳቀች።

«ታዲያ ማንን ሊያማክር ነው? አንቺን?» አልኳት።

ቀልድ መሰላት። የዛሬ ልጆች አሮጊት ሲያዩ ከተወለደች ጀምሮ አሮጊት የነበረች ይመስላቸዋል። እኔ ግን ስለ ሰንጢ ከብዙ ወንድ በላይ አውቃለሁ፤ የተማርኩትም በገዛ ጣቴ ነው። «ባለ መቀሱን ተወው፤ ሁሉን እሠራለሁ የሚል ሰንጢ አንዱንም በደንብ አይሠራም። ባለ ቀስተ ደመናውንም ለሙሽራ ተውላት» አልኩት። ከዚያ በኋላ ወሬ ወሬን እየሳበ ሄደ። ልጁ ታክሲ እንዳይጠፋበት ብሎ ሳልጨርስለት ተነሣ። እንግዲህ ለእሱ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደርግ ሊወድቅ የቀሩት ጥቂት ዓመታት ነበሩ፤ እኛ ግን ምኑን አውቀን! ለዘላለም የሚኖር ነበር የሚመስለን። ንፋስ ስልክ፣ ከፋብሪካዎቹ ኋላ ባለው ሰፈር፣ በቆርቆሮ በታጠረች ጠባብ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነበረን። የምንኖረው እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ ነን። አባቴ የጆንያ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ሲሞት በእሱ ፈንታ እኔን ቀጠሩኝ፤ በዘበኝነት ሳይሆን በስፌት ክፍል። መንገዱ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ክረምት ላይ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሄድና ፋብሪካው በር ስንደርስ እግራችንን ቦይ ውስጥ ታጥበን እንገባለን። ምሳዬ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው፤ በላስቲክ በታሰረች ሳህን ውስጥ ሽሮ ፍትፍት። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ፍትፍቱም ቃጫ ቃጫ ይላል። እሱን በልቼ ነው እንግዲህ እዚህ ዕድሜ የደረስኩት።

ያን ጊዜ ወንድ እየተለቀመ ማለቅ ጀምሮ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ይሉታል። መጀመሪያ በስም ዝርዝር እየተጠሩ ሄዱ፤ በኋላ ግን አፈሳ መጣ። ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው የሚቀርበት ዘመን ነበር። ፋብሪካውም ለከባዱ ሥራ ወንድ ሲያጣ እኛን ሴቶቹን ከስፌት አንሥቶ መጋዘን አስገባን። ሥራችን ቦንዳ መፍታት ነው። ቃጫው ተጠቅጥቆ፣ እንደ አውራ ጣት በወፈረ ገመድ ታስሮ ይመጣል፤ ገመዱን ቆርጦ ቃጫውን መበተን ነው።

ታዲያ አንድ ጉድ ነበረ። ገመዱን የሚቆርጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። መጋዘኑ ውስጥ የቀሩት ወንዶች ሁለት ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ የየራሳቸው ሰንጢ ኪሳቸው ውስጥ አለ። እኛ ሴቶቹ ቦንዳ ሥር ቆመን «ጋሼ፣ ይቁረጡልኝ» እያልን እንለምናለን። ጋሼ ሲጋራ ሊያጨሱ ወጥተዋል፤ ጋሼ ወገባቸውን አሟቸው ጋደም ብለዋል። ሥራው ሲዘገይ የሚሰደበው ግን ማን ነው? እኛ! አንድ ቀን አልቻልኩም፤ የመጋዘኑን ኃላፊ «ለእኛም ስለት ይሰጠን» አልኩት።

«ሴት ስለት ይዛ ምን ልትሆን? የእናንተ ስለት ማድ ቤት ነው ያለው» አለኝ።

«እንግዲያው ራሴ ገዝቼ እመጣለሁ።»

«ግዢ፤ እናያለን» አለና ሳቀ።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ «እናያለን» ያለኝን ሰው ሳላሳይ ቀርቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሰንጢ የመረጥኩት በዓይኔ ነው፤ ጥፋቴም እሱ ነው። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ማበጠሪያና መስታወት ከሚያዞር ሱቅ በደረቴ ገዛሁ። እጀታው ዕንቁ የመሰለ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ስለቱ ከማብረቁ የተነሣ ጥርሴን አይቼበታለሁ። ከጎኑ የጥፍር መሞረጃ ነበረው፤ ቦንዳ ፈቺ ጥፍሯን መቼ እንደምትሞርድ እንጃ! ተስፋዬ ገና ሲያየው «ብርቄ፣ ይሄ እኮ ጌጥ ነው፤ አንገትሽ ላይ አንጠልጥይው» አለኝ። ሰደብኩት። በማግስቱ ሦስተኛው ቦንዳ ላይ ሰንጢው ገመዱ ውስጥ ተቀረቀረ። ጫን ሳደርገው ወደ ኋላ እጥፍ አለና ሌባ ጣቴ ላይ ተዘጋ። ደሙ ቃጫው ላይ ተንዠቀዠቀ። ኃላፊው መጥቶ አየኝና ጨርቅ አቀበለኝ። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ያ ፈገግታው ከቁስሉ ይልቅ ጠዘጠዘኝ። ጣቴ ሳይድን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቄራ ወረድኩ።

ከቄራ የከብት ገበያ ጥግ ላይ ስለት የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። የበሬው እበት፣ ያልደረቀው ቆዳ፣ ከየጠጅ ቤቱ የሚወጣው የጥብስ ሽታ አንድ ላይ ይቀላቀላል። ከሻጮቹ መካከል ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ሽማግሌ ነበሩ። ጆንያ አንጥፈው፣ ቢላውንና መጥረቢያውን በአንድ በኩል፣ ሰንጢውን በሌላ በኩል ደርድረው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ማየት ስጀምር ቀና ብለው አዩኝ።

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ለሽንኩርት ከሆነ ማዶ ቀለል ያለ ቢላ ታገኛለሽ፣ ልጄ።»

«ለሽንኩርት አይደለም። እንዲህ የወፈረ ገመድ ቀኑን ሙሉ የሚቆርጥ፣ ኪሴ ውስጥ የሚገባ፣ የማይታጠፍብኝ ሰንጢ ነው የምፈልገው፣ ጋሼ።»

ጣቴ ላይ የጠመጠምኩትን ጨርቅ አዩ። «እሱን ማን ቆረጠሽ?»

«አንድ የሚያብረቀርቅ ሰንጢ።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ወላሂ፣ እንግዲያው ግማሹን ተምረሻል። ቁጭ በይ» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አሉኝ። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ከልባቸው ነው። ዓይን ሌባ ነው፤ ሰንጢ በእጅና በጆሮ ነው የሚመረጠው ብለው አምስት ሰንጢ ጆንያው ላይ ፊቴ አኖሩልኝ። እጄን ብዘረጋላቸው በእጄ አይሰጡኝም። «ስለት በእጅ አይቀባበሉም፤ ጠብ ያመጣል። እኔ አስቀምጣለሁ፣ አንቺ ታነሺያለሽ» አሉ። እናቴም ይህንኑ ነው የምትለው። በዚህ ነገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው።

መጀመሪያ ሰንጢውን ከፍቼ፣ በአንድ እጄ እጀታውን በሌላው ስለቱን ይዤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንድወዘውዘው አዘዙኝ። ቀጭ ቀጭ ካለ ሚስማሩ ላልቷል ማለት ነው፤ ሁለቱ በዚህ ወደቁ። ቀጥሎ የስለቱን ጀርባ በአውራ ጣቴ አስዳሰሱኝ። ጀርባው የሳሳ ሰንጢ ሲጠመዘዝ ይሰበራል አሉ፤ አንዱ በዚህ ወደቀ። ከዚያ ደግሞ የስለቱን ጀርባ ድንጋይ ላይ አስደግፌ ላጥፈው የምፈልግ ይመስል በጉልበቴ እንድጫነው ነገሩኝ። አንደኛው ያለ ምንም ሐፍረት እጥፍ አለ። የመጨረሻው ግን ብጫነው፣ ብጫነው፣ ንቅንቅ የለም። እጀታው ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት በአውራ ጣት ካልተጫኗት በቀር አይታጠፍም።

«አሁን ግለጪ» አሉኝ።

ባየው አስጠሊታ! ጥቁር፣ ወፍራም፣ እዚህም እዚያም ዝገት የነካው፣ እጀታው ያደፈ እንጨት። ልቤ አሁንም ወደ ጌጡ ነው፤ ከወደቁት መካከል የቀንድ እጀታ ያለውን አየት አደረግሁ። ጋሽ ሸምሱ ቀደሙኝ። «ቀንድ ያምራል። እጅሽን ላብ ወይ ደም ሲነካው ግን ያዳልጣል። እንጨት ግን አይከዳሽም። ዝገቱን ሞርጄ፣ ዘይት ቀብቼ እሰጥሻለሁ፤ በየሳምንቱ ካልሳልሽው ደግሞ እኔን እንዳትወቅሺኝ።» እዚያው ሞረድ አውጥተው ሳሉት። በመጨረሻ የክንዳቸውን ፀጉር ላጩበትና ጆንያው ላይ አስቀመጡልኝ። አነሣሁት። ከበደኝ፤ ክብደቱን ወደድኩት። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባል የለ? እኔም መንገድ ላይ ስም አወጣሁለትና «አይበገሬ» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳልለምን ገመዴን ቆረጥኩ። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ አሥረኛውን። ኃላፊው ከሩቅ ቆሞ ጣቴ እስኪቆረጥ ሲጠብቅ ዋለ። ሳምንት ሳይሞላ ሴቶቹ «ጋሼ፣ ይቁረጡልኝ» ማለቱን ትተው «ብርቄ፣ ነይ» ማለት ጀመሩ። ለሰንጢው ከቀሚሴ ውስጥ በኩል ጠንካራ ኪስ ሰፋሁለት። ሥራም ስሄድ፣ ገበያም ስሄድ፣ ቤተ ክርስቲያንም ስሳለም እዚያው ነው። እናቴ ልታብድ ደረሰች። «ሴት ልጅ ስለት ታጥቃ! ማን ያገባሻል?» ትለኛለች። «ሰንጢ የማይፈራ» እላታለሁ። ሰንጢ የማይፈራው ሰውዬ በኋላ ተገኝቷል፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ አፈሳው ወደ ሰፈራችን መጣ። ተስፋዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ይለማመድ ነበር። ከአፈሳው ወዲህ ግን ቀን ቀን ማድ ቤታችን ውስጥ ከተከመረው ጭራሮና ኩበት ኋላ በሠራንለት ክፍተት ተቀምጦ ይውላል። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጉልበቱን ታቅፎ ነበር የሚቀመጠው። አቧራው ሳል ለቀቀበት። ሳሉ በመጣበት ቁጥር ነጠላ አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ እኔና እናቴ ደግሞ ውጭ ሆነን ያለ ነገር ጮክ ብለን እንጣላለን። ጎረቤት እነዚህ ሴቶች ምን ነካቸው ሳይል አልቀረም።

ቅዳሜ ሹር ደረሰ። ቄጤማው ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሴቱ ሁሉ በራሱ ላይ አስሯል። እናቴ ከሳሪስ ገበያ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝታለች። አሁን የዘመኑ ሰው እንዲገባው ልናገር፤ በእኛ ዘንድ ሴት አታርድም። ዶሮውን ታጥባለች፣ ትገነጥላለች፣ አሥራ ሁለት ብልት ታወጣለች፣ ትሠራለች፤ አንገቱን የሚቆርጠው ግን ወንድ ነው። ሴት ያረደችው አይበላም። ባሏ የሞተባት ወይ ወንድ ልጅ የሌላት ሴት ዶሮዋን በአንድ እጇ፣ ቢላዋን በሌላ እጇ ይዛ ደጅ ትቆምና የሚያልፈውን ወንድ «ወንድሜ፣ በሞቴ እረድልኝ» ትላለች። ደህና ዘመን ሲሆን ማንም እምቢ አይልም። በዚያ ቅዳሜ ግን የሚያልፍ ወንድ አልነበረም። ገሚሱ ታፍሷል፣ ገሚሱ እንደ ተስፋዬ ተሸሽጓል። በየአጥሩ በር ላይ ሴቶች ዶሮ ታቅፈው ቆመዋል።

እኔ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ «ኧረ የሚያርድልኝ! ኧረ የሰው ያለህ!» ስትል ይሰማኛል። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ልጇ ግርማ የተስፋዬ እኩያና ጓደኛ ነው፤ እሱም ቤት ውስጥ ተሸሽጎ እንደሚውል እናውቃለን። ሰንጢው ኪሴ ውስጥ ጭኔን ነካኝ። አንድ አፍታ አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ፤ ወዲያው አፈርኩ። እኔም እኮ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ ሴት አታርድም ሲባል ነው ያደግሁት። ሽንኩርቴን መክተፍ ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የወንድ ድምፅ ሰማሁ፤ «እኔ አርድልዎታለሁ፣ እናቴ፤ ምን ያስጨንቅዎታል?» የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ሦስት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሏል። እትዬ አስካለ ምን ትበል? አስገባችው። እሱ ጓሮ ዶሮውን ሲያርድ ጠባቂዎቹ «ውኃ እንጠጣ» ብለው ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግርማን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡት። ሁለቱ ጠባቂዎች ግራና ቀኝ ይዘውት በእኛ በር ሲያልፉ አየሁት፤ አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም። እትዬ አስካለ መሬት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

ሊቀመንበሩ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ከቀረው አንድ ጠባቂ ጋር ወደ እኛ በር መጣ። እናቴ ዶሮዋን እንደታቀፈች በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች። እኔ ሽንኩርቱን ጥዬ ተነሣሁ።

«እንኳን አደረስዎት፣ እናቴ። ያምጡት፤ ልረድልዎት» አላት።

«ይተዉት ጌታዬ፤ አይድከሙ» አለች።

«ምን ድካም አለው? እኛ የሕዝብ አገልጋይ ነን። ወይስ የሚያርድልዎት ሰው ቤት ውስጥ አለ?»

ወጥመዱን እዩልኝ! ይግቡ ብትለው፣ ዶሮ የሚታረደው ጓሮ ማድ ቤቱ አጠገብ ነው፤ ከተስፋዬ በአምስት እርምጃ። አይግቡ ብትለው፣ የሚያርድ ወንድ ደብቃለች ማለት ነው። በፋሲካ ዋዜማ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እያየ በር ሰብሮ መግባት ለእነሱም ያስነውራል፤ ለዚያ ነው በዶሮ ሰበብ የመጣው። ሰበቡን ከእጁ ካልነጠቅሁት ወንድሜ አለቀለት። ያቺን ደቂቃ ተስፋዬ እንዳያስል ስለት ተሳልኩ፤ ለየትኛው ታቦት እንደሆነ ግን አሁን አላስታውስም።

«አዎ፣ የሚያርድ ሰው አለ» አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ልጄ ወንድሟን አሳልፋ ሰጠች ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

«ማነው?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ዓይኑ በራ።

«እኔ ነኛ።»

ዶሮውን ከእናቴ እቅፍ ወሰድኩ። ከአጥሩ በር ወጥቼ መንገዱ ላይ፣ ሴቱ ሁሉ በሚያይበት፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። ክንፎቹን በአንድ እግሬ፣ እግሮቹን በሌላው ረገጥኩ። ሰንጢዬን አወጣሁና ከፈትኩት፤ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። እጄ ስንት ሺህ ገመድ የቆረጠ እጅ ነው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አልኩ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ። አንድ ጊዜ ነው የሳብኩት። ደሙ ፈነጠቀና የሊቀመንበሩ ጫማ ላይ አረፈ።

ሊቀመንበሩ ወደ ኋላ ሸሸት አለና እናቴን አያት። «እናቴ፣ ሴት ያረደችውን ዶሮ እርስዎ ይበላሉ?» አላት። በዚህ እንደሚያሸንፈን እርግጠኛ ነበር።

ስለ እናቴ ልንገራችሁ እንዴ? እሮብና ዓርብ ጠዋት ውኃ የማትቀምስ ሴት ናት። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሕግ አፍርሳ አታውቅም። ዶሮውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «የልጄ እጅ ነው። እበላለሁ» አለች።

ያን ጊዜ ሰውየው ተናደደ። እጁን ዘረጋብኝ። «ያንን ስለት አምጪ! ስለት ይዞ መዞር ማን ፈቀደልሽ?»

«የሥራ መሣሪያዬ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እኔ ወዛደር ነኝ። ምርት ይቁም ካሉ ይውሰዱት» አልኩት። ይህን ንግግር ከራሳቸው ስብሰባ ነው የለቀምኩት፤ በየሳምንቱ ያለ ፈቃዳችን ሲግቱን ነበር። ቀጥዬም ሰንጢውን እንደተከፈተ እግሩ ሥር፣ ደሙና አቧራው ላይ አኖርኩለት። «ስለት በእጅ አይቀባበሉም። ጎንበስ ብለው ያንሡት» አልኩ።

ሰውየው ቁልቁል አየው። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ለእኔ አጎንብሶ፣ ደም ውስጥ እጁን ሊከት ነው። አላጎነበሰም። ጠባቂውም ወደ ሌላ በኩል አየ። ይኼኔ ከመንገዱ ማዶ ያለች አንዲት ሴት ዶሮዋን ይዛ ተሻገረችና «ብርቄ፣ እስቲ ለእኔም እረጂልኝ» አለች። ሌላዋ ተከተለቻት፤ ሌላዋም። ጎንበስ ብዬ ሰንጢዬን አነሣሁ። በዚያች መንገድ ላይ አራት ዶሮ አረድኩ። ሦስተኛው ላይ ቀና ስል ሊቀመንበሩ የለም። በዚያ ቀን ከዚያ ወዲያ የማንንም በር አላንኳኳም።

እናቴ ያን ዶሮ በሎሚና በጨው ስንት ጊዜ እንዳጠበችው አትጠይቁኝ። በፋሲካ ጠዋት ጸሎት አድርሳ፣ ዓይኗን ጨፍና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሰች። ለረጅም ጊዜ አላመጠችው። እንባዋ ሲወርድ አያለሁ፤ ዋጠችው። «ጨው አንሶታል» አለች። ከዚያ በሰፊው ጠቅልላ ማድ ቤት ገባችና ከጭራሮው ኋላ ያለውን ልጇን አጎረሰችው። በማግስቱ ጭድ በአህያ ጭኖ የመጣ አንድ የለቡ ገበሬ ጭዱን አራግፎ ሲመለስ ተስፋዬን ይዞልን ሄደ። ለቡ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ኮንዶሚኒየም የሚባል ነገር በሕልምም አልታየ። ወንድሜ ደርግ እስኪወድቅ እዚያ እርሻ ሲያርስ፣ ኦሮምኛ ሲማር ከረመ። ዛሬ ጀሞ ነው የሚኖረው፤ ጉልበቴን አመመኝ እያለ ያማርራል።

ከበዓሉ በኋላ እናቴ እጄን ይዛ የንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰደችኝ። እሳቸውም ሰምተው ኖሮ «ልጄ፣ ጥፋትሽን አምነሽ ንስሐ ግቢ» አሉኝ። «አላጠፋሁም፣ አባቴ» አልኳቸው። ቢቆጡኝም፣ ቢለምኑኝም ሌላ ቃል አልወጣኝም። እናቴ ስለ እኔ ተንበርክካ ሰገደችልኝ።

ዛሬ ያለኝ የንስሐ አባት ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ቄስ ነው። ጠበል ሊረጭ ሲመጣ ሁልጊዜ በትሕትና «እማማ፣ ዕድሜዎ ገፍቷል፤ ያልተናዘዙት የቀረ ነገር አለ?» ይለኛል። የለም እለዋለሁ። ስላረድኳቸው አራት ዶሮዎች ለማንም ንስሐ አልገባም፤ ነገም ቢሆን አርዳለሁ። ግርማ ግን ከሄደበት አልተመለሰም። እትዬ አስካለ ሊቀመንበሩ ያረደላትን ዶሮ ከነላባው ለውሻ ጥላ፣ እስክትሞት ድረስ በፋሲካ ዶሮ ሳትሠራ ኖረች። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ለቄሱ ልነግረው እየፈለግሁ አፌ ላይ የሚቀርብኝ ይህ ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ የሚያርድልኝ ብላ ስትጣራ ሰምቻታለሁ፤ ሰንጢው ኪሴ ውስጥ ነበረ።